ወንበር ያጣው ዓመት

እኔ ስሳሳት ድምፄ ከፍ ይላል። ትክክል ስሆን ዝም ማለት አያቅተኝም፤ ስሳሳት ግን ጎረቤት እስኪሰማ ነው የምከራከረው። የሚያውቁኝ ሰዎች ይህን ጠባዬን ድሮም ያውቁት ነበር። እኔ ራሴ ያወቅሁት ግን በአንድ የኅዳር ሐሙስ፣ ደሃና ውስጥ፣ አንድ አዛውንት ፊት ቆሜ ነው። እስቲ ታገሡኝና ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ሰቆጣ ተወልጄ ያደግሁ የቄስ ልጅ ነኝ፤ ስሜ ዝናሽ ይባላል። ያኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ሁለተኛ ዲግሪዬን ለመጨረስ የቀረኝ የመመረቂያ ሥራዬ ብቻ ነው። የማጠናው ቺፕ የሚባለውን ነገር፣ በስልካችንም በቴሌቪዥናችንም ሆድ ውስጥ ተጣብቆ ያለውን ጥቁር ቁራጭ ነው። ዛሬ ቺፕን በእጁ የሚስል ሰው የለም ማለት ይቻላል። ምን እንዲሠራላችሁ እንደምትፈልጉ በኮምፒውተር ቋንቋ ትጽፋላችሁ፤ ሶፍትዌሩ ጽሑፋችሁን ተቀብሎ ወደ አእላፍ ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያዎች ይለውጠዋል፤ ቦታ ቦታቸውን ያስይዛቸዋል፤ በሽቦ ያገናኛቸዋል። የእኔ ምርምር ከዚያ ቀጥሎ ባለው ሥራ ላይ ነበር፦ ቺፑን የሚፈትን ፕሮግራም። ጥያቄውን ራሱ ያወጣል፤ መልሱን ራሱ ያርማል። «የሰው እጅ አያስፈልገውም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በመመረቂያ ጽሑፌ ውስጥ ሦስት ቦታ ጽፌዋለሁ። አራተኛ ቦታ ልጨምረው ሁሉ አስቤ ነበር።

ለሙከራ የሚሆን ቺፕ ሲያስፈልገኝ የመረጥኩት የባሕረ ሐሳብን ስሌት ነው። ዓመተ ምሕረቱን ስታስገቡለት ጾሙ መቼ እንደሚገባ፣ ፋሲካ በስንት ቀን እንደሚውል ያወጣል። ስሌቱን ያገኘሁት ከአባቴ ደብተር ነው። ዓመተ ምሕረቱ ላይ አምስት ሺህ አምስት መቶ ትደምራላችሁ፤ ድምሩን ለአሥራ ዘጠኝ ታካፍላላችሁ፤ የሚተርፈው መደብ ይባላል። ከመደቡ ላይ አንድ ስታነሡ ወንበር ይሆናል። ከወንበሩ መጥቅዕ የሚባል ቁጥር ይወጣል፤ ከመጥቅዑ ደግሞ ጾሙና ፋሲካው። ከዚህ በላይ ማወቅ አያስፈልጋችሁም። መደብ፣ ወንበር፣ መጥቅዕ። እኔም በዲዛይኔ ውስጥ እነዚሁኑ ስሞች ነው የተጠቀምኩት።

ውጭ አገር ያለ አንድ ፕሮግራም የብዙ ተማሪዎችን ትንንሽ ዲዛይኖች ሰብስቦ በአንድ ላይ ያስመርታል። የእኔም ተመረጠ። አማካሪዬ ደውለው ሲነግሩኝ ለክረምቱ ዕረፍት መጥቼ በዚያው የቆየሁበት የአባቴ ቤት ውስጥ ነበርኩ፤ እልልታዬን እናቴ ናት የጨረሰችልኝ። አማካሪዬ ግን ወዲያው አስጠነቀቁኝ።

«ዝናሽ፣ ይህ ሶፍትዌር አይደለም። ነገ አሻሽዬ እልካለሁ አይባልም። ከተቀረጸ ተቀረጸ ነው። ስለ ፍተሻ የተጻፈ መመረቂያ የተሳሳተ ቺፕ ይዞ ከመጣ ገምጋሚዎቹ ምን እንደሚሉ አንቺው ገምቺ።»

«ሁሉንም ጥያቄ አልፏል ዶክተር» አልኳቸው። እውነቴን ነበር። በሺህ የሚቆጠር ጥያቄ ጠይቄው አንድም አልሳተም። ቤታችን ግድግዳ ላይ ተደራርበው ከተሰቀሉት አሮጌ ካላንደሮች ጋርም አስተያይቼዋለሁ፤ ወደ ኋላ አሥር ዓመት ድረስ ያሉት ሁሉ ልክ መጡ።

የቀረችው አንዲት ወረቀት ናት። ሥራውን የሚያውቅ ሰው «ፈትሼ ትክክል ሆኖ አግኝቼዋለሁ» ብሎ የፈረመባት ደብዳቤ ከዲዛይኑ ጋር ዓርብ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ መግባት አለባት። አባቴን ብጠይቀው እጁን አወናጨፈ።

«እኔ አባትሽ ነኝ፤ አይሆንም። ከየኔታ ገብሩ ሌላ ማን አለ?»

የኔታ ገብሩ የአባቴ የባሕረ ሐሳብ መምህር ናቸው። ከቤታቸው ደጅ ሆነው ዛሬም ያስተምራሉ። የሚታወቁበት አንድ ልማድ አላቸው፦ ተማሪ ሲጠየቅ ቆሞ ነው። ሲያልፍ ጎበዝ አይሉም፣ አይመርቁም፤ «ተቀመጥ» ብቻ ይላሉ። አባቴን ሁለት ዓመት አቁመውታል ይባላል፤ እሱ ግን አንድ ዓመት ከስምንት ወር ነው ብሎ ይከራከራል። ጠባዬን ከማን እንደወረስኩት እንግዲህ አወቃችሁ።

ሐሙስ ማለዳ ከሰቆጣ ወደ ደሃና በሚኒባስ ወጣሁ። ወርጄ ሁለት ሰዓት ያህል በእግሬ ሄድኩ። ገብሱ እየታጨደ ነበር፤ ነዶ የተጫኑ አህዮች ቀጭኗን መንገድ ይዘውብኝ ብዙ ጊዜ ጥጌን ይዤ አሳለፍኳቸው። ቦርሳዬ ውስጥ ላፕቶፔ፣ ደብዳቤውና አንድ መዳፍ የምታህል ቦርድ አሉ። ቦርዷ ቺፑ ተመርቶ እስኪመጣ ድረስ ቺፑን ሆና የምትሠራ ናት፤ ትንሽ ስክሪን አላት፤ ኃይሏን የምታገኘው ከላፕቶፑ ነው። ዕቅዴ አጭር ነው። አስፈርሜ ወዲያው እመለሳለሁ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰቆጣ እገባለሁ።

የኔታን ያገኘኋቸው ከቤታቸው ደጅ፣ በድንጋይና በጭቃ ከተሠራው መደብ ላይ ተቀምጠው ነው። ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ። ስለ አባቴ፣ ስለ አባቴ እግር፣ ስለ እናቴ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ ጠየቁኝ። ሁሉንም መለስኩ። ከዚያ ደብዳቤውን ሰጠኋቸው። ከዓይናቸው ራቅ አድርገው ይዘው ቃል በቃል አነበቡት።

«‹ፈትሼ ትክክል ሆኖ አግኝቼዋለሁ› ይላል» አሉ።

«አዎ የኔታ። እዚህች ጋ ብቻ ይፈርሙልኝ።»

«መቼ ፈተሽኩት?»

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

«የኔታ፣ እርስዎን ላለማድከም ብዬ ነው። ማሽኑ ተፈትኖ አልፏል። በሺህ የሚቆጠር ጥያቄ ነው የተጠየቀው።»

«ጠያቂው ማነው?»

«ፕሮግራሙ።»

«መልሱንስ ለጠያቂው ማን ነገረው?»

«እሱም ፕሮግራሙ ነው። ከዲዛይኑ ላይ ያወጣዋል።»

የኔታ ደብዳቤውን አጥፈው መለሱልኝ። «እንግዲያማ ራሱ ጠይቆ ራሱ መለሰ። እንዲህ ከሆነ እኔም ብሆን አልወድቅ። በይ አውጪው፣ እኔ ልጠይቀው።»

ባለቤታቸው እማማ ለተብርሃን ገብስ ቆሎ በሰፌድ ይዘው ወጡ። እኔን አይተው ለየኔታ በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣንጋ፣ አንድ ነገር አሏቸውና ሁለቱም ሳቁ። ኽምጣንጋ መናገሩ ያቅተኛል እንጂ እሰማለሁ። «ይቺ ልጅ እሳት ላይ ጥዳው የመጣችው ነገር አለ መሰል» ነው ያሉት። እውነታቸውን ነው። ቆሜ ነበር የማወራው፤ ዓይኔ ደግሞ ሰዓቴ ላይ ነው።

ላፕቶፑን ከፈትኩ። ባትሪው ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ቦርዷን ሰካሁ።

«ዐውዱ አሥራ ዘጠኝ ነው» አሉ የኔታ። «መደብና ወንበር በየአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ እየዞሩ ይመለሳሉ። አሥራ ዘጠኙን ከመለሰ ሌላው ያው መደጋገም ነው። ከ2006 ጀምሪ። መጥቅዑ?»

ዓመቱን አስገባሁ። «ሠላሳ» አልኩ።

የኔታ ጣታቸውን አጥፈው በአውራ ጣታቸው አንጓ አንጓውን ዳሰሱ። «ሠላሳ» አሉ። «ዋናው ስሌት ባዶ ነው የሚያመጣው፤ ሠላሳ እንደሚባል ማን ነገረሽ?»

«የአባቴ ደብተር ላይ ተጽፏል» አልኩ በኩራት።

«ሁለተኛው።»

«አሥራ ዘጠኝ።»

«ሦስተኛው።»

«ስምንት።»

እንዲህ እያልን ሄድን። እኔ እጫናለሁ፣ ስክሪኗ ትመልሳለች፤ እሳቸው አንጓቸውን ቆጥረው፣ ትንሽ ቆይተው፣ በግዕዝ ደግመው ይሉታል። በእያንዳንዱ ዓመት መሐል አንድ ትንፋሽ ይወስዳሉ። ትንፋሿ ለእኔ ሰዓት ሆነችብኝ። አሥር ላይ ስንደርስ አላስቻለኝም።

«ይበቃል የኔታ። አሥሩን አልፏል እኮ።»

«አሥሩን መልሶ ተቀመጥ የተባለ ተማሪ ታውቂያለሽ?» አሉና ተነሡ። «ስድስት ሰዓት ሆኗል፤ ጸሎቴን ላድርስ።»

ወደ ቤት ገቡ። ደብዳቤው መደቡ ላይ ነው፤ እስክሪብቶው አጠገቡ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝላችሁ። ውጭ አገር ያሉት ሰዎች የየኔታን ፊርማ ከየት ያውቁታል? የመጨረሻዋ ሚኒባስ ሰው ከሞላላት ቀድማ ትነሣለች፤ ዛሬ ሰቆጣ ካልገባሁ ነገ መብራትና ኔትወርክ መኖሩን ማን ያውቃል? እስክሪብቶውን አነሣሁ። ክዳኑንም ከፈትኩት። ያስቆመኝ ጽድቅ እንዳይመስላችሁ። የመሪጌታ ፊርማ ምን እንደሚመስል ስለማላውቅ ብቻ ነው። እሱን እያሰብኩ ሳለሁ እማማ ለተብርሃን ውሃ ይዘው ብቅ አሉ፤ እስክሪብቶውን ከድኜ ቆሎ መቆርጠም ጀመርኩ።

የኔታ ተመልሰው ተቀመጡ። ላፕቶፑ በዚህ መሐል ሩቡን ባትሪ ጨርሶታል። አሥራ አንደኛው ልክ መጣ። አሥራ ሁለተኛው ልክ መጣ። አሥራ አምስተኛው ላይ ልቤ ወደ መንገዱ ሄዶ ነበር፤ ቁጥሩን የማነበው እንደ ፊደል ቆጣሪ ልጅ ሳላስብ ነው። አሥራ ስምንተኛው፣ 2023፣ ሃያ ሦስት። «ሃያ ሦስት» አሉ የኔታም። ደብዳቤውን ዘርግቼ አዘጋጀሁ።

«አሥራ ዘጠነኛው።»

2024ን አስገባሁ። ስክሪኗ 19 አለች።

«አሥራ ዘጠኝ» አልኩ።

የኔታ ጣታቸውን ዳሰሱ። «አሥራ ሁለት» አሉ።

እንደገና አስገባሁ። 19። ቦርዷን ነቅዬ ሰካሁ። 19። ያኔ ነው ድምፄ የተነሣው።

«የኔታ፣ ማሽን ነው እኮ! በጣት የሚቆጥር ሰው ሊሳሳት ይችላል፤ ማሽን ግን አይሳሳትም! በሺህ ጥያቄ አልፏል አልኩዎት! ምናልባት እርስዎ ተሳስተው ይሆናል!»

ገብስ ሲያበራዩ የነበሩ ጎረቤቶች ቀና አሉ። እማማ ለተብርሃን በር ላይ ቆመው ቀሩ። ለየኔታ ገብሩ በዚያ አገር እንዲህ ብሎ የተናገረ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ያውም ሴት ልጅ፣ ያውም ደጃቸው ላይ። የተናገርኩትን መልሼ ለመዋጥ ብፈልግም ከአፌ ወጥቷል።

የኔታ ግን አልተቆጡም። «ሊሆን ይችላል» አሉ። «ሰው ነኝ፣ እሳሳታለሁ። 2024 ገና አልደረሰም፤ ማን ልክ እንደሆነ አናይም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ወደ ኋላ ተመለሺ። ወንበሩ አንድ ነው። የ2005 ፋሲካ በስንት ነበር? ጠይቂው።»

አስገባሁ። «ሚያዝያ ስድስት» አልኩ። «እሑድ ነው የኔታ። ልክ ነው።»

«ሚያዝያ ሃያ ሰባት ነበር» አሉ።

«በምን አወቁ? በቃልዎ ነው?»

«ያን ዓመት የሚያዝያ ጊዮርጊስ ዕለት አባትሽ ቤት ነበርኩ፤ ሰቆጣ። ሰሙነ ሕማማት ነበር፤ ረቡዕ። እናትሽ ምጥ ይዟት ነበር። ረስተሽዋል?»

አልረሳሁትም። ታናሽ ወንድሜ የተወለደ ቀን ነው፤ ገብረጊዮርጊስ የተባለውም ለዚህ ነው። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ሴቶቹ ገንፎ ሲያገነፉ ቅቤው ከማሰሮው አልወጣም፤ ሕማማት ነው። «ወላድ ጾም የለባትም፣ በቅቤ ስጧት» ያሉ አንድ መሪጌታ እልፍኝ ተቀምጠው ነበር፤ እናቴ ግን «አራት ቀን ለቀረው ፋሲካ ብዬ?» ብላ እምቢ አለች። ገንፎው መሐል ላይ የኑግ ዘይቱን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። በዝቶ ሰፌዱ ላይ ሁሉ ፈስሶብኝ እናቴ በምጥ በደከመ ድምፅ ስቃብኛለች። መሪጌታው የኔታ ገብሩ ነበሩ።

ሚያዝያ ሃያ ሦስት ሕማማት ከነበረ ፋሲካ ሚያዝያ ስድስት ሊሆን አይችልም። ማሽኔ ሦስት ሳምንት ቀድሞ አገር ሊያስፈስክ ነበር። ያለ አንድ ማመንታት፣ እሑድ ቀን መርጦ፣ ደንበኛ መልስ አስመስሎ።

«ልክ ነዎት» አልኩ። ድምፄ ዝቅ ብሏል።

«በይ እንፈልገው» አሉ የኔታ፤ እንደ ረታ ሰው ሳይሆን አብሮ እንደሚሠራ ሰው ነው ያናገሩኝ። «ዓመተ ዓለሙ ሰባት ሺህ አምስት መቶ ሃያ አራት። ለአሥራ ዘጠኝ ስታካፍዪው ስንት ይተርፍሻል?»

«ምንም። ዜሮ።»

«ዜሮ ማነው?»

«ምንም ማለት ነው የኔታ።»

«እሱን እኛ መደብ ብለን አናውቀውም። በግዕዝ ቁጥር ምልክትም የለው። እኛ ከአንድ ጀምረን አሥራ ዘጠኝ ድረስ ነው የምንቆጥር።» አንጓቸውን አሳዩኝ። «አሥራ ዘጠኝ ሲደርስ አንጥለውም፤ የመጨረሻው መደብ እሱ ነው። ከአሥራ ዘጠኝ አንድ ስታነሺ?»

«አሥራ ስምንት።»

«ያ ነው ወንበሩ። አንቺ መደቡን ጣልሽና ከምንም ላይ አንድ አነሣሽ። ታዲያ በምን ይቀመጥ?»

ዲዛይኔን ከፈትኩ። መስመሯ እዚያው ናት፦ ወንበር እኩል ይሆናል መደብ ሲቀነስ አንድ። ከአባቴ ደብተር ቃል በቃል የተወሰደች። አባቴ ሌላ ማስጠንቀቂያ አልጻፈም፤ ለምን ይጽፋል? በእነሱ አቆጣጠር መደብ ዜሮ ሆኖ አያውቅማ። ዜሮን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ቺፕ ደግሞ ከዜሮ ላይ አንድ ቀንስ ሲሉት አልችልም አይልም። የመኪና ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ከዜሮ ወደ ኋላ ቢዞር ዘጠኝ ብቻ ደርድሮ እንደሚያሳየው ሁሉ፣ የእኔም ቺፕ የሚይዘውን ትልቁን ቁጥር ሠላሳ አንድን ወንበር ብሎ ተቀበለ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉ በትክክል አሰላ፤ በተሳሳተ ወንበር ላይ።

ፈታኙ ፕሮግራሜስ? 2024ን ጠይቆት ነበር። 2005ንም ጠይቆት ነበር። መልሱን ግን ከዚያችው መስመር ላይ ነው የሚያወጣው። ሠላሳ አንድ ሲጠብቅ ሠላሳ አንድ መጣለት፤ «አልፏል» ብሎ ጻፈ። ራሱ ጠየቀ፣ ራሱ መለሰ። የኔታ ቦርዷን ሳያዩ፣ ገና ሰላምታ ሳይበርድ የነገሩኝ ይህንኑ ነው።

አስተካከልኩት፤ መደብ ዜሮ ከሆነ አሥራ ዘጠኝ በል። አንዲት መስመር። ከዚያ ዲዛይኑ እንደገና ተሰልቶ ቦርዷ ላይ መጫን አለበት። ባትሪው ስምንት በመቶ ቀርቶታል። የስክሪኑን ብርሃን ቀነስኩ፤ ሌላውን ሁሉ ዘጋሁ። የኔታ ምን እንደምጠብቅ ሳይጠይቁኝ አብረውኝ ጠበቁ። አምስት በመቶ። እማማ ለተብርሃን ነጠላቸውን ዘርግተው ፀሐዩን ከለሉልኝ፤ ለላፕቶፑ ይሁን ለእኔ አላውቅም። ሦስት በመቶ ላይ ተጭኖ አለቀ።

2024፦ አሥራ ሁለት። 2005፦ ፋሲካ ሚያዝያ 27።

«አሥራ ሁለት!» ብዬ ጮህኩ። ይህኛው ጩኸት ሌላ ነበር። ወዲያው ላፕቶፑ ጠፋ።

የኔታ እስክሪብቶውን ተቀብለው ፈረሙ። ፊርማቸው፣ ማወቅ ከፈለጋችሁ፣ ሙሉ ስማቸው ነው፤ በቁም ጽሕፈት፣ ፊደል በፊደል። ሐሰተኛ ፊርማ ላስመስል ብል ኖሮ ቀኑን ሙሉ ይፈጅብኝ ነበር። ደብዳቤውን ተቀብዬ ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከመጣሁ ጀምሮ አልተቀመጥኩም። የሚቀመጥ ቦታ ጠፍቶ አልነበረም፤ እሳቸውም ተቀመጪ አላሉኝም።

«የኔታ፣ አለፍኩ?»

«ማሽኑ አለፈ» አሉ። «ማሽኑን አርመሽዋል። ፈታኙን ግን አላረምሽውም። አንቺ ገና ቆመሻል።»

ሚኒባሷን ያገኘኋት ሮጬ፣ ረዳቱ በሩን ሊዘጋ ሲል ነው። ሰቆጣ ስገባ መብራት አለ። ላፕቶፑ ሙሉውን ዲዛይን እንደገና ሲሠራ አደረ፤ ዓርብ ረፋድ ላይ ጨረሰ። ኔትወርኩ እየሄደ እየመጣ አሥር ሰዓት ላይ ገባልኝ። ከዚያ አማካሪዬ ጋ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የእስክሪብቶዋን ነገር ጭምር።

«አሥራ ዘጠነኛው ላይ ነው?» አሉኝ።

«አሥራ ዘጠነኛው ላይ።»

«‹የሰው እጅ አያስፈልገውም› የምትለዋን ዓረፍተ ነገር...»

«ሦስቱንም ሰርዣቸዋለሁ ዶክተር።»

ምስጋና ስናስብ ብዙ ጊዜ የሰጠንን ሰው ነው የምናመሰግነው። እኔ ግን በሕይወቴ ከሁሉ አብልጬ የማመሰግነው የከለከለኝን ሰው ነው። የኔታ ገብሩ የዚያን ዕለት ለፊርማ እሺ ቢሉኝ ኖሮ ደግ ሰው ናቸው ብዬ፣ መርቄያቸው፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰቆጣ እገባ ነበር። የተሳሳተውን ቺፕ አስመርቼ፣ እንዳልተሳሳተ የሚመሰክር መመረቂያ ጽፌ እመረቅ ነበር። ምናልባት ማንም አይነቃብኝም ነበር፤ ይህ ነው ዛሬም የሚያስደነግጠኝ።

ዛሬ ተማሪዎች አሉኝ። ፕሮግራማቸውን ይዘው መጥተው «ሁሉንም አልፏል» ሲሉኝ የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፤ መልሱን ከማን አገኛችሁት? ይገርማችኋል፣ አብዛኛው ጊዜ የሚሰጡኝ መልስ እኔ ለየኔታ የሰጠሁት ነው። ድምፃቸውን ከፍ የሚያደርጉም አሉ። እነሱን ይበልጥ እወዳቸዋለሁ። እናንተም ቺፕ ባትሠሩ፣ የምትሠሩትን ሥራ ልክ ነው ብላችሁ ያመናችሁት በማን ምስክርነት እንደሆነ አንድ ቀን ቆም ብላችሁ ጠይቁ። ምስክሩ ራሳችሁ ብቻ ከሆናችሁ፣ ሁለት ሰዓት በእግር የሚያስኬድም ቢሆን ሌላ ሰው ፈልጉ።

ቺፑ ተመርቶ የመጣው ከስምንት ወር በኋላ ነው። ከምስር ፍሬ ብዙም አይበልጥም። ቦርድ ላይ አስጣብቄ፣ ባትሪ አስገጥሜለት፣ ደሃና ይዤው ወጣሁ። የኔታ እዚያው መደብ ላይ ነበሩ፤ ዓይናቸው ትንሽ ደክሟል። ፊታቸው ቆምኩ።

«አሥራ ዘጠነኛውን ጠይቂው» አሉ፤ ሰላምታው እንኳ በቅጡ ሳያልቅ።

ጠየቅሁት። «አሥራ ሁለት» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ፈታኙስ?»

«እሱንም አርሜዋለሁ የኔታ። አሁን መልሱን ከዲዛይኑ አይወስድም። ዲዛይኑን ያልጻፈ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ካልነገረው መፈተን አይጀምርም። አሥራ ዘጠኙ መጥቅዕ ያን ቀን እርስዎ በአንጓዎ ቆጥረው ያሉት ነው፤ በተራው እንዳሉት አስገብቼዋለሁ። መመረቂያዬም ስለዚሁ ነው፤ ተቀብለውኛል።»

«ስለዚህ የሚጠይቀው ማነው?»

«እርስዎ ነዎት የኔታ።»

እማማ ለተብርሃን ከበሩ ላይ ሆነው በኽምጣንጋ አንድ ነገር አሏቸው፤ «ልጅቱ እግሯ አያምም ወይ?» ነው ያሉት። የኔታ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ፤ ትንሽ ወደ ጥግ ተጠጉ፤ ከጎናቸው ያለውን የመደቡን አቧራ በመዳፋቸው ጠረጉ።

«ተቀመጪ» አሉኝ።